በክፉ ቀን አባል የሚሰርዝ የእድር ደንብ ይሻሻል

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ሰላም መደፍረስ በተነሣ ቁጥር ወሬው ስለ አገር፣ ስለ ክልልና ስለ ሥልጣን ይሆናል። ትልቅ ጉዳይ ስለሆነ መነሣቱ አያስወቅስም። እኛ ግን በባሕር ዳር በተለያዩ ሰፈሮች በእድር ጸሐፊነት፣ በገንዘብ ያዥነትና በዳኝነት የምናገለግል ሰዎች ነንና ነገሩን የምናየው ከመዝገቡና ከለቅሶ ቤቱ በኩል ነው። አገር ሲናወጥ አንድ ቤተሰብ ቀድሞ የሚጠይቀው "ብሞት ማን ያነሣኛል? ማን ነህ ብባል ማን ይመሰክርልኛል?" ብሎ ነው። ለዚህ ጥያቄ በመንደር ደረጃ መልስ የሚሰጠው እድር ነው። የብዙዎቹ እድሮቻችን መተዳደሪያ ደንብ ደግሞ ለደህና ቀን የተጻፈ ስለሆነ፣ ክፉ ቀን ሲመጣ አባሉን የሚይዝ ሳይሆን የሚያስወጣ ሆኖ ይገኛል። ይህ ደብዳቤ የሚለው ይህንኑ ነው፤ ደንቡ አሁኑኑ ይሻሻል።

ከተማችን በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዓይነቱ የተለያየ ድንጋጤ አሳልፋለች። ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. የክልሉ መሪዎች ሲገደሉ ኢንተርኔት ተዘግቶ ሰው ለቀናት የሰማውን ማጣራት አቃተው። መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት በወጣው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል፣ ድንኳን ጥሎ አብሮ መቀመጥን ሥራዬ ብሎ የኖረው እድር ሥራውን አጣ። ኅዳር 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት ሮኬት ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ተተኮሰ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ ለክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ጥር 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ለተጨማሪ አራት ወር ተራዘመ። ሰዓት እላፊ መጣ፣ የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት ጠፋ፣ መንገድ ሲከፈትና ሲዘጋ ከረመ። አንዱ መሰብሰብን ከለከለ፣ ሌላው መስማትን፣ ሌላው መንቀሳቀስን። እድር የቆመው በእነዚህ በሦስቱ ላይ ስለሆነ በእያንዳንዱ ተመታ።

ከሁሉ በፊት ውዝፍ ላይ እናተኩር፤ ጉዳቱ የሚጀምረው ከዚያ ነውና። የአብዛኛው እድር ደንብ "ሦስት ወር በተከታታይ መዋጮ ያልከፈለ አባል ይሰረዛል" ይላል። ዓላማው ቸልተኛን መቅጣት ነበር። ሥራ በአዋጅ ወይም በመንገድ መዘጋት ሲቆም ግን የሚሰረዘው ቸልተኛው አይደለም፤ ባጃጅ ነጂው ነው፣ የቀን ሠራተኛው ነው፣ ጀልባ ላይ ቱሪስት የሚያመላልሰው ነው፣ በሐይቁ ዳር በታንኳ፣ በዓሣና በደንገል ሥራ የሚተዳደረው የነገደ ወይጦ ቤተሰብ ነው። የወር ደመወዝተኛው ይተርፋል፤ ዕለት በዕለት የሚበላው ይወጣል። እንዲህ ሲሆን እድሩ ሳያስበው የደሞዝተኞች ማኅበር ይሆናል፤ የወጣውም ሰው ሰፈሩ እንደ ጣለው ይቆጥራል።

ሒሳቡን ለሚፈራ አንድ ምሳሌ እናስላ። 120 አባወራ ያሉት እድር በወር 50 ብር ቢሰበስብ 6,000 ብር ይገባዋል። ለአንድ ሐዘን 12,000 ብር ይከፍላል እንበል። ከአባላቱ ሲሶው፣ ማለትም 40 አባወራ፣ ለስድስት ወር መክፈል ቢያቅተው የሚጎድለው 40 በ50 በ6፣ ማለትም 12,000 ብር ነው። ይህ የአንድ ሐዘን ክፍያ ነው። በአንድ ሐዘን ክፍያ ምክንያት 40 ቤት መሰረዝ ማለት ነው። ጉድለቱን ለመሸፈን ለአንድ ዓመት ለሐዘን የሚከፈለውን ከ12,000 ወደ 10,000 ዝቅ ማድረግ ብቻ ይበቃል፤ በዓመት ስድስት ሐዘን ቢደርስ የሚተርፈው 12,000 ነው። ስለዚህ በደንቡ ውስጥ እንዲህ የሚል አንቀጽ ይግባ፦ "በአዋጅ፣ በወረርሽኝ፣ በመፈናቀል ወይም በመንገድ መዘጋት ሥራው የቆመ አባል መዋጮው እስከ ስድስት ወር ይያዝለታል፤ በዚህ ጊዜ አይሰረዝም፣ መቀጮም አይቆጠርበትም፤ ውዝፉን በሚቀጥሉት 12 ወራት ከመደበኛው መዋጮ ጋር አብሮ ይከፍላል።" ስድስት ወር በ50 ብር 300 ብር ነው፤ በ12 ወር ሲካፈል በየወሩ 25 ብር ጭማሪ ብቻ ይሆናል። ችግር የደረሰበት ሰው ይህን አንቀጽ ለመጠቀም በጉባኤ ፊት ቆሞ ድህነቱን መናገር የለበትም። ለቡድን ተጠሪው ይንገር፣ ተጠሪው ለጸሐፊው ያስመዝግብ። በጉባኤ ፊት ተናገር የተባለ ሰው አፍሮ ዝም ብሎ ይቀራል፤ ከቀረ አይመለስም።

ቡድን ስንል አባላቱን በአሥራ አምስት በአሥራ አምስት ቤት መክፈል ማለታችን ነው። ለ120 ቤት ስምንት ቡድን ይሆናል። ይህ ክፍፍል ለሌላም ነገር ያገለግላል። ነጋ ሲል የሚነፋው የእድር ጡሩምባ በደህና ቀን "እገሌ ሞቷል፣ ተሰብሰቡ" ማለት ነው፤ ተኩስ ሲሰማ ባደረ ሰፈር ግን ሰው በድንጋጤ በሩን ይዘጋል፣ አንዳንዱም ልጆቹን ይዞ ይወጣል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ጡሩምባው ይቁምና መልእክቱ በር በማንኳኳት ይሂድ። የቡድኑ ተጠሪ ለሁለት ቤት ይናገራል፣ ሁለቱ እያንዳንዳቸው ለስድስት ቤት፤ አሥራ አምስቱም ቤት ሰማ ማለት ነው። ከስድስት በር በላይ የሚያንኳኳ የለም፤ ስልክ ኖረም አልኖረም በግማሽ ሰዓት ያልቃል። የሚበላሸው ተጠሪው ከከተማ ሲወጣና ምትክ ሳይኖረው ነው። ስለዚህ ምትኩ አስቀድሞ በመዝገብ ይጻፍ።

ቀብር ለማስፈጸም ደብዳቤ የሚያስፈልግበት ጊዜ ነበር፤ ሊመለስም ይችላል። ለቀበሌው የሚገባው ደብዳቤ አጭር ይሁን፤ የሟች ስም፣ የለቅሶው ቤት፣ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ፣ ሰዓቱ፣ የሚጠበቀው ሰው ብዛትና ኃላፊነት የወሰዱ ሁለት ሰዎች ስም። በሁለት ቅጂ ተሠርቶ አንዱ ማኅተም ተመትቶበት ይመለስ፤ እሱንም ከአስከሬኑ ፊት የሚሄደው ሰው ይያዘው። ብዙ ጊዜ ነገር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ጠዋት በቃል የተፈቀደው፣ ከሰዓት ተረኛው ሲቀየር የሚያውቀው የለም። ሙስሊም አባላት ቀብራቸው በዕለቱ ስለሚፈጸም ደብዳቤው ጠዋት እስኪረቀቅ መጠበቅ አይሆንም፤ ስምና ሰዓቱ ብቻ ባዶ የሆነ ቅጽ በማኅተም ተዘጋጅቶ ጸሐፊው ዘንድ ይቀመጥ።

ከዚህ ሁሉ የከበደው መርዶ ነው። ስልክና መንገድ ሲዘጋ የሞት ወሬ አይዘጋም፤ እንዲያውም ይበዛል። "እዚያ ያለው ወንድምህ አለቀ አሉ" የሚል ቃል ከገበያ፣ ከመናኸሪያ፣ ከወደብ ይመጣል። በሕይወት ያለ ሰው የተለቀሰበት ቤት ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ወሬ ሁሉ፣ እውነቱንም ጭምር፣ አያምንም፤ ከጎረቤቱም ጋር ይቀያየማል። እድሩ ድንኳን ከመጣሉና ለመርዶ የሚከፍለውን ከመክፈሉ በፊት ማጣራት አለበት። ጥያቄዎቹ ብዙ አይደሉም፤ በዓይኑ ያየ ማን ነው? የት አየ? መቼ? ቀብሩ ላይ የነበረ ሰው አለ? "ከሰው ሰማሁ" የሚል መልስ ሦስት ጊዜ ቢደጋገም አንድም ምስክር አይሆንም፤ ሦስቱም ከአንድ ሰው ሰምተው ሊሆን ይችላልና። በዓይን ያየ ሁለት ሰው፣ ወይም በቀብሩ የነበረ አንድና ከአጥቢያው ወይም ከዚያ እድር የተጻፈ ወረቀት ይበቃል። ሰነድ የሌለበት ቦታ የሞት ማስረጃ አምጡ ማለት ሐዘንተኛን መበደል ነው።

ለደቅ ደሴትና ለዘጌ ሰው መልእክት በጀልባ ሲላክ በጠዋቱ ጀልባ ይሁን፤ ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣበት የዘገየ መልእክተኛ ያድራል። መልእክቱ በወረቀት ተጽፎ ሁለት ሰው ይፈርምበት፤ በቃል የተላከ መርዶ በየመሻገሪያው እየተጨመረበት ይደርሳል።

ማርዳቱም ሥርዓት አለው፤ በችግር ጊዜ ሊዘለል አይገባም። ሦስት ሰው ይሂድ፤ ከሦስቱ አንዱ ቤተሰቡ የሚያምነው ዘመድ ወይም የነፍስ አባት ይሁን። በወጉ ገና ሳይነጋ የሚደረግ ቢሆንም ሰዓት እላፊ ባለበት ጊዜ እስኪፈቀድ ይጠበቅ። ደም ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ሰው እቤት መኖሩ ቀድሞ ይጠየቅ፣ መድኃኒቱ የት እንዳለ ይታወቅ። ከተረዱ በኋላ ሁሉም ተነሥቶ አይሂድ፤ በዚያው ግቢ ወይም በአጥር የሚዋሰን አንድ ሁለት ሰው አብሮ ይደር። ለቅሶ ቤት ማደር በሰዓት እላፊ ቢከለከልም ግድግዳ የሚጋራ ጎረቤት ማንንም ሳያስፈቅድ መግባት ይችላል።

አሁን ወደ አዲስ መጤው እንምጣ። ከወለጋና ከመተከል ተፈናቅለው ወደ ክልላችን የመጡ ቤተሰቦች አሉ። ብዙዎቹ እዚያው ተወልደው ያደጉ ናቸው። እዚያ "አማራ ናችሁ" ተብለው ተባረሩ፤ እዚህ ሲደርሱ ደግሞ በአነጋገራቸው "ከየት የመጡ ናቸው?" ተብለው በጥርጣሬ ይታያሉ። በሁለቱም ቦታ እንግዳ የሆነ ሰው ኢትዮጵያዊነቱ ምን እንደሚጠቅመው ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ቤት ለመከራየት መታወቂያ ይጠየቃል፤ መታወቂያ ለማውጣት ከቀድሞው ቀበሌ መሸኛ ይጠየቃል፤ መሸኛ የሚሰጠው ቀበሌ ደግሞ ሸሽቶ የወጣበት ነው። ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. ያጸደቀችው፣ በአፍሪካ ኅብረት የወጣው የተፈናቃዮች ጥበቃ ሰነድ የሆነው የካምፓላ ስምምነት በ13ኛው አንቀጹ፣ ተፈናቃዮች መብታቸውን ለመጠቀም የሚያስፈልጓቸው የመታወቂያ፣ የልደትና የጋብቻ ሰነዶች እንዲሰጧቸው መንግሥታትን ያስገድዳል። በቀበሌ ቢሮ ይህን ጠቅሶ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል፤ የእድር ጸሐፊ ቢያደርገው ከሁሉ ይቀርባል። የፋይዳ ምዝገባም ትልቅ እርዳታ ነው፤ ነጻ ነው፣ ብሔር አይጠየቅበትም፣ አሥራ ሁለት አኃዝ ያለው ቁጥሩም ከጣት አሻራ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ካርዱ ቢጠፋ ሰውየው አይጠፋም። እያንዳንዱ ቤተሰብ ቁጥሩን ከካርዱ ለይቶ በሌላ ቦታ ጽፎ ያስቀምጥ።

እድሩ ራሱ ግን በሩን ካልከፈተ ይህ ሁሉ ግማሽ ነው። አዲስ አባል እንዳይገባ የሚያግዱት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ "ተከራይ አንቀበልም" የሚለው ልማድ ነው፤ ተፈናቃይ በአብዛኛው ተከራይ ስለሆነ ይህ በሌላ ቃል ተፈናቃይ አንቀበልም ማለት ነው። ሁለተኛው የመግቢያ ክፍያው ነው፤ እድሩ ድንኳን፣ ወንበር፣ ሳህንና ድስት ስላለው አዲሱ ድርሻውን በአንድ ጊዜ አምጣ ይባላል። ነባሮቹ ለዓመታት ያዋጡት ስለሆነ ጥያቄው ፍትሐዊ ነው፤ በአንድ ጊዜ መሆኑ ነው ችግሩ። 1,200 ብር መግቢያ በ24 ወር ሲካፈል በወር 50 ብር ነው። ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ጉልበት፣ ድንኳንና ቀባሪ ያግኝ፤ ከስድስት ወር በኋላ የገንዘቡን ግማሽ፣ መግቢያውን ሲጨርስ ሙሉውን። ለእድሩ ኪሳራ የለውም። ሰውየው ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ለሰው ቀብር ይወጣል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ስሙ ይታወቃል። በሰፈር ፀጉረ ልውጥ የሚባለው ሰው ባነሰ ቁጥር የሰፈሩም ሰው ተረጋግቶ ያድራል። ለጥበቃ አካል መጠቆም የሚገባው ድርጊት ነው፤ ሌሊት መሣሪያ የሚያስገባን ሰው መጠቆም ተገቢ ነው፤ አነጋገሩ ለየት ያለን ሰው ግን ቡድኑ መጀመሪያ ሄዶ ሰላም ይበለው።

የድጋፍ ደብዳቤ ጉዳይም አለ። እድር ለአባሉ የሚጽፈው የሚያውቀውን ብቻ ይሁን፤ ከዚህ ወር ጀምሮ በመንደራችን ይኖራል፣ መዋጮ ይከፍላል፣ ለቀብር ይወጣል። ስለ ጠባዩ፣ ስለ ዘሩ፣ ስለ አቋሙ አንድ ቃል አይጨመር። ሁለት ኃላፊ ይፈርም፣ ቁጥርና ቀን ይኑረው፣ ቀሪው በካርቦን ይቀመጥ፣ በወር ስብሰባ ስንት እንደተጻፈ ይነበብ። አንድ ዳኛ ለዘመዱ የማያውቀውን ከመሰከረ የሁሉም አባል ደብዳቤ ዋጋ ያጣል፤ የሚጎዳውም ሌላ ወረቀት የሌለው ሰው ነው።

መዝገቡን በተመለከተ አጥብቀን የምንለው አለ። መዝገብ ይጠብቃል፣ ያስጠቃልም። በመዝገቡ ውስጥ የአባል፣ የትዳር ጓደኛ፣ የልጆችና የወላጆች ስም፣ የቡድኑ ቁጥር፣ ችግር ሲደርስ የሚጠራ አንድ ሰው፤ ይበቃል። ብሔር፣ የሥራ መሥሪያ ቤት፣ ውጭ አገር ያለ ልጅ፣ የፋይዳ ቁጥር አይጻፍ። መዝገቡ ማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅምና ሰውን ሊያስጠቃ የሚችል ነገር ከመጀመሪያው አይኑርበት። በእስክሪብቶ የተጻፉ ሦስት ቅጂዎች ይኑሩ፤ አንዱ ጸሐፊው ዘንድ፣ አንዱ ገንዘብ ያዡ ዘንድ፣ አንዱ ከሰፈሩ ውጭ በታመነ ቦታ። በየሦስት ወሩ ይመሳከሩ። በስልክ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም መላላክ አይገባም።

የባንክ ደብተሩም እንዲሁ መታየት አለበት። ሦስት ፈራሚ ያለው እድር አንዱ ፈራሚ መንገድ ተዘግቶበት ገጠር ቢቀር ገንዘቡ እዚያው ይታሰራል። አራት ፈራሚ ተመዝግቦ ሁለቱ ወይም ሦስቱ ሲፈርሙ እንዲወጣ ይደረግ፤ ለዚህ ባንኩ ቃለ ጉባኤና ማኅተም ስለሚጠይቅ በደህና ቀን ነው የሚሠራው። ከባንክ ውጭ ደግሞ የሁለት ሐዘን ክፍያ ያህል ጥሬ ገንዘብ በሁለት ሰው እጅ ተከፍሎ በካርኒ ይቀመጥ። ድንኳኑ በክረምት እርጥቡን ታጥፎ እንዳይቀመጥ፤ የሐይቁ እርጥበት በሳምንት ያሻግተዋል፣ በአንድ ቀን ሁለት ሐዘን ሲደርስ መጠባበቂያ አይኖርም።

ይህን ሁሉ በአንድ ጉባኤ ማጽደቅ ይቻላል። ረቂቁ ከአንድ ወር በፊት በየቡድኑ ይነበብ፤ ማንበብ የማይችሉ አባላት ሰምተው አስተያየት ይስጡ፤ በጉባኤው ቀን ምልዓተ ጉባኤ ካልሞላ ሁለተኛው ጥሪ በስንት ሰው እንደሚጸድቅ በደንቡ ይጻፍ። ውዝፍ ያለባቸውም በዚህ ጉባኤ ድምፅ ይስጡ፤ ነገሩ የሚመለከተው እነሱን ነውና። እድሮችን የሚመዘግበው የከተማው ጽሕፈት ቤት የተሻሻለውን ደንብ ሲቀበል ሥራውን እንዳያጓትት በትሕትና እንጠይቃለን።

ከላይ የጠቀስናቸውን አንቀጾች በሁለት ገጽ ረቂቅ አዘጋጅተናል። ጋዜጣው ቦታ ቢሰጠን ሙሉውን እንልካለን፤ እያንዳንዱ እድር የብሩን መጠን እንደ አቅሙ ቀይሮ ሊጠቀምበት ይችላል።

ከአክብሮት ጋር፣
በባሕር ዳር ከተማ በእድር የሚያገለግሉ ጸሐፊዎች፣ ገንዘብ ያዦችና ዳኞች